አሥራ ሁለቱ የሐሙስ አድማጮች

በቤተ መጻሕፍታችን በር ላይ በየሦስት ወሩ አንድ ወረቀት ይለጠፋል። ከላይ «የሚቀጥሉት ሦስት ወራት ፕሮግራሞች» ይላል፤ ከዚያ በግራ በኩል የልጆች፣ በቀኝ በኩል የአዋቂዎች። ቅዳሜ ጠዋት ተረት፣ ከአራት እስከ ስምንት ዓመት ለሆናቸው። ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ ሥዕል። ረቡዕ ለአዋቂዎች ኮምፒውተር፣ ከሥሩ «ምንም ለማያውቁ» የሚል ተጨምሮበት። ዓርብ የእጅ ሥራ። ወረቀቱን የምተይበው እኔ ነኝ። በተረፈው ጊዜ አባልነት ክፍል ቁጭ ብዬ ካርድ አወጣለሁ፣ ካርድ አድሳለሁ፤ ልጆቹም «እትዬ ካርድ» ይሉኛል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት የውሸት ቃል ተይቤ አላውቅም ነበር። ባለፈው ጊዜ ግን እዚያ ወረቀት ላይ ካሉት ፕሮግራሞች አንዱ የውሸት ነበር፤ እሱም የእኔው ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ። እናቴ ዓይኗ ከጠፋ በኋላ ስድስት ዓመት ኖራለች። ከሥራ ስገባ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ «አምጪው እስቲ» ትለኛለች፤ መጽሐፉን ማለቷ ነው። እሷ አልጋዋ ላይ ጋደም ትላለች፣ እኔ ከራስጌዋ ቁጭ ብዬ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። ዝም ብላ የምታዳምጥ እንዳይመስላችሁ። ከደራሲው ጋር ትጣላለች። «ውሸቱን ነው! እንዲህ ያለ ባል የት አለ?» ትላለች። ያልጣማት ነገር ሲመጣ ሁለት ገጽ ወደ ኋላ አስመልሳ ታስነብበኛለች፣ ሁለተኛ ሲነበብ የሚለወጥ ይመስል። አንዳንዴ ያናድደኝ ነበር። ደክሞኝ ስመጣ አንድ ምዕራፍ ዘልዬባትም አውቃለሁ፤ ወዲያው ነቃችብኝና ሦስት ቀን አኮረፈችኝ።

ስትሞት የመጀመሪያውን ሳምንት ቤቱ በሰው ሞላ። በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤት ብቻ ብቅ ጥልቅ ይል ነበር። በሦስተኛው እኔና ግድግዳው ቀረን። ባል አላገባሁም፣ ልጅ አልወለድኩም፤ ጠያቂም አላስለመድኩም፤ እናቴን ላስታምም እያልኩ ሰው ሲጠራኝ እምቢ ስል ኖሬ፣ ሰዉም መጥራቱን ትቶታል። አንድ ሰኞ ጠዋት የበሩን ዘበኛ «እንደምን አደሩ» ልለው አፌን ስከፍት ድምፄ ሻክሮ አልወጣ አለኝ። «ጉንፋን ያዘሽ እንዴ?» አለኝ። ጉንፋንስ አልነበረም። መለስ ብዬ ሳስበው፣ ከቅዳሜ ቀትር ጀምሮ ከአፌ አንድ ቃል አልወጣም ነበር።

የዚያኑ ቀን ወደ ኃላፊያችን ቢሮ ገባሁ። ኃላፊያችን ልጅ ነው። ልጅ የምለው ለእኔ ነው እንጂ ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቶታል፤ ግን የቅዳሜ ተረት ሊሰማ አፍንጫውን እያዝረከረከ ሲመጣ ካርድ ያወጣሁለት እኔ ስለሆንኩ፣ በሰው ፊት አንቱ እለዋለሁ፣ ብቻችንን ስንሆን አንተ።

«ለአዋቂዎች ጮክ ብዬ ላንብብ» አልኩት። «በሳምንት አንድ ሰዓት።»

«አዋቂ ራሱ ያነብ የለም እንዴ እትዬ?»

«ዓይኑ የደከመ አለ። ሳይማር የቀረ አለ። ብቻውን ማንበብ የሰለቸው አለ።»

እኔ አለሁ ማለቴ ነበር። እሱ ግን ልጅ ቢሆንም ብልህ ነው፤ ትንሽ አየኝና ለሦስት ወር ሙከራ ፈቀደልኝ። ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ በመተላለፊያው ጫፍ ባለችው ጠባብ ክፍል። አሥራ ሁለት ወንበር ብቻ ነው የምትይዘው።

በመጀመሪያው ሐሙስ አምስት ሰው መጣ። አንደኛው የኮምፒውተር ትምህርት መስሎት ነበርና ይሉኝታ ይዞት እስከ መጨረሻው ተቀመጠ፤ ሁለተኛ አላየሁትም። ሁለት እህትማማቾች ለሦስት ሳምንት መጡ፤ ከዚያ በሆነ ነገር ተጣልተው ሁለቱም ቀሩ፣ አንዷ ትመጣለች ብላ ሌላዋ ስለምትፈራ። አንዲት ሴትዮ ሥራ አገኘች። በመጨረሻ አንድ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ብቻ ቀረኝ። እሱ የሚመጣው ሊተኛ ነው። አምስተኛው መስመር ላይ ሳልደርስ አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቃል፣ ማንኮራፋት ይጀምራል። አልተቀየምኩትም። እንዲያውም ሲያንኮራፋ ድምፄን ከፍ አደርግና እኩል እንሄዳለን። አምስት ሰዓት ሲሆን ደንገጥ ብሎ ይነቃና «በጣም ጥሩ ነበር» ይለኛል። ሦስቱ ወር ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሴት ልጁ መጥታ ወደ ቤቷ ወሰደችው።

ደንባችን ግልጽ ነው። ለሚቀጥለው ወረቀት ከስድስት ሰው በታች የተመዘገበበት ፕሮግራም ይሰረዛል፤ ክፍሉ ለሌላ ይሰጣል። የምዝገባ ወረቀቶቹ ለአንድ ሳምንት እኔው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። የቅዳሜው ተረት በሁለት ቀን ሠላሳ ልጅ ተመዘገበበት። የእኔው ወረቀት ነጭ እንደሆነ አራተኛው ቀን ገባ። አምስተኛው ቀን ላይም ሳየው ያው ነጭ ነው። ሐሙስ ከሌለ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ምን ይጠበቃል? እንግዲህ ያደረግኩትን ዓይኔን በጨው ታጥቤ እናገራለሁ።

አባልነት ክፍል ውስጥ «የተኙ ካርዶች» የምንለው መሳቢያ አለ። አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ያልታደሱ ካርዶች የሚቀመጡበት ነው። ሰፈር የለቀቀ አለ፣ ማንበብ የተወ አለ፣ የሞተ አለ። መሳቢያውን ከፈትኩና መምረጥ ጀመርኩ። አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ከሆነ ያስጠረጥራል ብዬ አቀላቀልኳቸው፤ አንድ አናጢ፣ አንዲት ነርስ፣ ሁለት መምህራን፣ አንድ ሐኪም፣ ጋራዥ የሚሠራ፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ። ስማቸውንና ስልካቸውን ከካርዱ ላይ ገለበጥኩ። አራት ዓይነት እስክሪብቶ ተጠቀምኩ። ሁለቱን በግራ እጄ ጻፍኩ፤ በግራ እጄ የጻፍኩት ፈጽሞ ስለማይነበብ ለሐኪሙ ሰጠሁት። ስድስት ይበቃኝ ነበር። እኔ ግን ስዋሽ ልክ አላውቅም መሰለኝ፣ አሥራ ሁለቱንም ሞላኋቸው። ወንበር ባዶ ሲቀር አልወድም።

በማግስቱ ኃላፊው ወረቀቱን እያውለበለበ መጣ። «እትዬ፣ ሞላ እኮ! ከአፍ እስከ ገደፉ! እንዳይረሱ፣ ከጎኑ ይጻፉበት።» ከሐሙሱ ንባብ ጎን «ሞልቷል» ብዬ በገዛ እጄ ተየብኩ፤ ከሥሩም አሰመርኩበት። እውነቱን ልናገር፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ተረቱ እንኳ እንዲህ አልተባለለትም። ወረቀቱ በሩ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ወደ ቤቴ ስሄድ ቆም ብዬ አነበው ነበር።

ከዚያ ሐሙስ መጣ። ከአራት ሰዓት እስከ አምስት እኔ ስለማልኖር፣ በዚያች ሰዓት ጠረጴዛዬን የምትይዝልኝ እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ናት። መጽሐፌን ብብቴ ሥር አድርጌ ወደ ጠባቧ ክፍል ገባሁና በሩን ዘጋሁት። በሩ ላይ ትንሽ መስታወት አለችው፤ እሷን በፕሮግራም ወረቀት ሸፈንኳት። ወንበሮቹ ተሰልፈው ስለነበር ሰው የተቀመጠባቸው እንዲመስሉ አንዳንዱን ጠመም፣ አንዳንዱን ገፋ አደረግኩት። ጉሮሮዬን ጠረግኩና ማንበብ ጀመርኩ።

ዝም ብዬ ተቀምጬ መውጣት እችል ነበር። ግን ድምፅ ካልተሰማ መተላለፊያውን የምታጸዳው ሴት ታውቅብኛለች ብዬ ነው ያነበብኩት፤ መጀመሪያ እንደዚያ ነበር። በኋላ ግን ከልቤ ሆነ። ታሪኩ ከባቡር ጣቢያ ጠባቂነት ጡረታ ስለወጣች አንዲት ግትር ሴት ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ሌላውን ስትሸኝ ኖራ አንድ ቀን ራሷ ልሳፈር ስትል ባቡሩ ያመልጣታል። ያቺን ቦታ ሳነብ እናቴ ብትኖር «የታባቷ! እንዴት ያመልጣታል?» ትል እንደነበር ታወቀኝ፤ ቆም አልኩላት። ማንም ምንም አላለም። አሥራ ሁለቱን ወንበር አየኋቸው። ሆድ ባሰኝ፤ ግን አንብቤ ጨረስኩ።

በየሳምንቱ የተገኙትን መመዝገቢያ ወረቀት ላይ ምልክት አደርግላቸዋለሁ። ሁሌ ሁሉም መጡ ቢባል አይታመንምና ነርሷን ሁለት ጊዜ አስቀረኋት፣ ተረኛ ናት ብዬ። ሐኪሙንም አንድ ጊዜ። አናጢው ግን አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም። እብደት ነው አትበሉኝ፤ ብቻውን የሚኖር ሰው ያውቀዋል። ረቡዕ ማታ ነገ የማነበውን ስለማመድ፣ ይሄ ቦታ መምህራኑን ደስ ይላቸዋል ብዬ እስከማሰብ ደርሼ ነበር።

እንዲህ እያለ ስምንት ሳምንት ሄደ። በዘጠነኛው ሳምንት ሰኞ ኃላፊው አንድ ደብተር ይዞ ጠረጴዛዬ ላይ ተደገፈ።

«እትዬ፣ እንኳን ደስ አለዎት!»

«ምን ተገኘ?»

ደብተሩ የእንግዳ ተቀባይዋ ነበር። «ተጠባባቂ» የሚል ርዕስ ጽፋ ከሥሩ ሰባት ስም ከነስልካቸው ደርድራለች። ሐሙስ ሐሙስ እኔ በሌለሁበት ሰዓት «ይሄ ንባብ የት ነው?» እያሉ የመጡ ሰዎች ናቸው። ሞልቷል እያለች፣ ስም እየመዘገበች መልሳቸዋለች። ለእኔም ያልነገረችኝ ወረቀቱን የተየብኩት እኔው ስለሆንኩ አውቃለሁ ብላ ነው። እውነቷን ነው፤ የገዛ ቃሌን ነበር የምትነግራቸው።

«ሰባት ሰው ወረፋ ይዟል» አለ ኃላፊው ፈገግ ብሎ። «ለሚቀጥለው ወረቀት በሳምንት ሁለት ጊዜ እናደርገዋለን። ነገ ለአሥራ ሁለቱም እደውላለሁ፤ የትኛው ቀን እንደሚሻላቸው ልጠይቃቸው።»

ጉዴ ፈላ። ከሁሉ በፊት የታየኝ አናጢው ነው። ከሞተ አምስት ዓመት አልፎታል፤ ካርዱን ያመጣችልኝ ሚስቱ ናት፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ አልቅሳ ነው የሄደችው። ስልኩን እሷ ብታነሳውስ? «ባለቤትዎ ሐሙስ ሐሙስ እየመጡ…» ሲላት ታየኝ። ፕሮግራሙ ገደል ይግባ አልኩ በልቤ።

«አትደውል» አልኩት።

«ለምን?»

«አይመጡም።»

«እንዴት አይመጡም? በየሳምንቱ ምልክት ተደርጎላቸው የለም እንዴ?»

«ምልክቱን የማደርገው እኔ ነኝ። ከአሥራ ሁለቱ አራቱ ሞተዋል። የሌሎቹን የት እንዳሉ አላውቅም።»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። የተኙትን ካርዶች መሳቢያ ከፈትኩና አሳየሁት። ወንበር ስቦ ቁጭ አለ፤ ደብተሩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ታዲያ ለማን ነው የሚያነቡት?»

«ለማንም።»

«ስምንት ሳምንት ሙሉ?»

«ስምንት ሳምንት።»

«ለምን አልነገሩኝም ግን?»

«ብነግርህ ትሰርዘው ነበር።»

«እሰርዘው ነበር» አለ። አለመዋሸቱ ደስ አለኝ፤ ከሁለታችን አንዳችን እንኳ።

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ለማንም እንደማይናገር ነገረኝ። ከዚያ ውሳኔውን ተናገረ፤ ሰባቱ ጋ የምደውለው እኔው ነኝ፤ የፊታችን ሐሙስ ከእነሱ ስድስቱ መጥተው ክፍሏ ውስጥ ከተቀመጡ ፕሮግራሙ በሚቀጥለው ወረቀት ላይ ይቀጥላል። ካልመጡ ክፍሏ ለልጆቹ ሥዕል ትሰጣለች፤ ቦታ ጠቧቸው መሬት ላይ ተንበርክከው ነው የሚስሉት። ምን ይባላል? ልክ ነው። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ዞር አለና «እነዚህ ሰባቱ እኮ እውነተኛ ሰዎች ነበሩ እትዬ» አለኝ። ያቺ ንግግሩ እስካሁን ከሆዴ አልወጣችም።

ማክሰኞ ጠዋት ስልኩን ወደ ራሴ ሳብኩ። ከዝርዝሩ አንደኛ አንዲት ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ልጅቷ ከስማቸው ጎን «ዓይናቸው ደክሟል» ብላ ጽፋለች። የመጡት በመጀመሪያው ሐሙስ ነው። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። በኋላ እደውላለሁ ብዬ ወደ ሁለተኛው አለፍኩ።

ሁለተኛው ጥበቃ ነው የሚሠራው። «በዚያን ጊዜ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ፣ ቀን ቀን እመጣ ነበር» አለኝ። «አሁን ወደ ቀን አዛወሩኝ። ምነው ያኔ በደወላችሁ።» ሦስተኛዋ የእጅ ሥራ ተመዝግባ ጓደኞች አፍርታለች፤ ሐሙስ ሐሙስ እነሱ ቤት ነው የምትውለው። አራተኛው እመጣለሁ አለ። ከስሙ ጎን ትልቅ ምልክት አደረግኩ። አምስተኛዋ ተቆጣችኝ። «ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ሞልቷል ስትሉኝ ኖራችሁ፣ ዛሬ ከየት ተገኘ? የሰው እግር መጫወቻ ነው?» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። አልፈረድኩባትም። ስድስተኛዋ የተመዘገበችው ለአባቷ ነበር። እሱ በሕይወት አለ፣ ግን አሁን ሰው አይለይም። «ያኔ ብታስገቡት ደስ ይለው ነበር» አለችኝ፤ በቁጣ እንኳ አይደለም፣ እንዲሁ ነው የነገረችኝ። ሰባተኛው ቁጥር አገልግሎት ላይ አይደለም።

አንድ ሰው። ስድስት እንደማይሞላ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው የታወቀኝ። ልብስ ሰፊዋ ቢመጡ እንኳ ሁለት ነው። መተው እችል ነበር፤ ነገር ግን ከስማቸው ጎን ምንም ሳይጻፍ ሲቀር አላስችል አለኝና ረቡዕ ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ እንደገና ደወልኩ። በሦስተኛው ጥሪ ተነሳ።

«ከቤተ መጻሕፍቱ ነው የምደውለው እትዬ። ለሐሙሱ ንባብ ተመዝግበው ነበር። ቦታ ተገኝቷል።»

«አንቺ የምታነቢው ነሽ አይደል?» አሉኝ።

«በምን አወቁኝ?»

«በድምፅሽ ነዋ። ስድስት ሐሙስ ሰምቼሽ።»

ነገሩ አልገባኝም። ወንበሮቹን አንድ በአንድ በሐሳቤ ቆጠርኳቸው፣ ሰው ሳላይ ቀርቼ ይሆን ብዬ።

«የት ሆነው ሰሙኝ?»

«መተላለፊያው ላይ። በሩ አጠገብ አግዳሚ ወንበር የለም? ያቺ ልጅ ሞልቷል ስትለኝ እግሬ ዝሎ ነበርና ትንሽ ልረፍ ብዬ ቁጭ አልኩ። በዚያው አንቺ ጀመርሽ። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ መጣሁ። ልጅቷ ካየችኝ ቦታ ተገኘ ወይ ብዬ እጠይቃታለሁ፤ አልተገኘም ስትለኝ የምሄድ መስዬ ወደ መተላለፊያው እታጠፋለሁ። ዓይኔ እኮ መርፌ ከተወ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ቀኑ አይመሽልኝም። ያቺ ሰዓት ግን ታልቅብኝ ነበር።»

እሳቸው ጨዋታው መጥቶላቸዋል።

«ግን እንዴት ያሉ ጨዋ ሰዎች ናቸው እህቴ! አንድም ሰው አያስል፣ አይንቀሳቀስ። ያቺ ሴትዮ ባቡሩ ያመለጣት ቀን እኔ ውጭ ሆኜ ‹ኧረ የታባቷ!› ብዬ አፌን በእጄ ያዝኩ። ከውስጥ ትንፍሽ ያለ የለም። ቀናሁባቸው። እኔ ብገባ ኖሮ በወሬ ነበር የማስቸግራቸው።»

«ታዲያ ለምን መምጣት ተዉ?» አልኩኝ በስንት መከራ።

«ተቆጣሽኛ! አግዳሚዋ ሲጢጥ ስትልብኝ ‹ማነው እዚያ? ፕሮግራም ላይ ነን!› ብለሽ ጮኽሽ። ወንበርም ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ሰው ሁሉ ተነስቶ ሊያየኝ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ሳልመዘገብ ሰርቄ መስማቴ ነው እንግዲህ። በእርጅናዬ እንዴት ሮጬ እንደወጣሁ እኔ ነኝ የማውቀው።»

አስታወስኩት። ኃላፊው ሰው ሊቆጥር የመጣ መስሎኝ ነበር። ሰው ያለ እንዲመስል ሁለት ወንበር በእግሬ የገፋሁትም እኔ ነኝ። ኮቴው ሲርቅ «ተመስገን» ማለቴም ትዝ አለኝ።

«ነገ ይመጣሉ?» አልኩ። የሚሉትን እየፈራሁ ነው የጠየቅኩት።

«አይ! ልጄ ጋ ነኝ። ብቻሽን አትሆኚም ብሎ ወሰደኝ፣ ሌላ ከተማ ነው፣ አሥራ አምስት ቀኔ። ቤቱንም አስረክበናል። እነሱ ጠዋት ወጥተው ማታ ነው የሚገቡት።» ትንሽ አሰቡ። «ለመሆኑ ማነው የለቀቀልኝ? ከሰዎቹ አንዱ ታሞ ነው? ማንም ይሁን አመስግኝልኝ።»

መዋሸት ይቻል ነበር። ነርሷ ወደ ሌላ ሥራ ተዛወረች ብል ያምኑኛል፤ ደስ ብሏቸው ስልኩን ይዘጋሉ። አፌን ከፍቼ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ማንም አልለቀቀም እትዬ። ማንም አልነበረም።»

«እንዴት ማንም?»

«ወንበር ብቻ ነበር። ስሞቹን የጻፍኳቸው እኔ ነኝ፣ ፕሮግራሙ እንዳይሰረዝብኝ። ለባዶ ቤት ነው ሳነብ የነበረው።»

በዚያኛው በኩል የሆነ በር ሲዘጋ ተሰማኝ፤ ሰው ገባ መሰለኝ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድቡኝም እሺ።

«ታዲያ በሩን ምን አስዘጋሽ?» አሉኝ።

«ሰው እንዳያየኝ ነዋ።»

«አዪ!» አሉ። «እኔም እኮ አምስት ሰዓት ሳይሞላ ሹልክ የምለው ሰው እንዳያየኝ ነበር።»

ላለቅስ ነበር፤ ለቅሶዬን እንዳይሰሙ ስልኩን ከአፌ ራቅ አደረግኩት። መልሼ ወደ ጆሮዬ ሳስጠጋው ልጃቸው መግባቱን፣ መዝጋት እንዳለባቸውም ነገሩኝ። ደህና ሁኚ አሉኝ፤ ደህና ይሁኑ አልኳቸው። ከስማቸው ጎን «አይመጡም» ብዬ ጻፍኩ። በዝርዝሩ ላይ የሚደወልለት ሌላ ሰው አልነበረም።